መላምቷ ወደቀ፤ ነጥቧስ ለምን አብሮ ይወድቃል?

በዚህ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ትርዒት ላይ የሆነ ነገር ከነከነኝና አንድ ማታ ጻፍኩት፤ አሁን ምላሹ 26 ደርሷል። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ያታክታል፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። አዳልቷል የሚለኝ ካለ ክሩ እዚያው ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይይ።

መነሻ ጽሑፍ፦ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ እንጀራ አይን የሚያወጣው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይዛ መጣች። እናቷ አብሲት የሚጣለው ሊጡን ለማሞቅ ነው ትላታለች፤ ሲሞቀው ኩፍ ይላል፣ ኩፍ ያለ ደግሞ አይን ያወጣል። ልጅቷ ይህንኑ መላምቷ አደረገችው። እስከዚህ ማንም ተማሪ ይደርሳል። እሷ ግን ቀጠለች። ነገሩ ሙቀት ከሆነ፣ አብሲቱ ተሠርቶ ጥርግ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢጣል እንጀራው ድፍን መሆን አለበት። በአብሲት ፋንታ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ቢጨመር ደግሞ አይን ማውጣት አለበት። ይህን ምጣድ ሳትጥድ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ቀኑንም አኖረችበት።

ከዚያ ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ በአራት ሳህን ቀዳች። አንዱ አብሲት የለውም፣ አንዱ እንደ ወጉ ለብ ያለ አብሲት፣ አንዱ የቀዘቀዘ አብሲት፣ አንዱ ለብ ያለ ውሃ። አይኑን የቆጠረችበት ዘዴ ነው እኔን ያስደነቀኝ። የቡና ሲኒ እንጀራው ላይ ደፍታ በስሱ ጫን ስታደርገው ክብ ምልክት ይቀራል፤ በክቡ ውስጥ ያለውን አይን በስፒል ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች። ከየእንጀራው አምስት ቦታ። የትኛው እንጀራ ከየትኛው ሳህን እንደተጋገረ የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች።

የቀዘቀዘው አብሲት ከሞቀው የማይለይ አይን አወጣ። ለብ ያለ ውሃ የገባበት ድፍን ሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ትንሽ ትንሽ ነቁጥ። መላምቷ ወደቀ፤ መውደቁንም ሳትሸፋፍን ጻፈች። ከውጭ የተጋበዘው ዳኛ መላምቷ ስህተት ስለሆነ ብሎ ከ20 ነጥብ 8 ሰጣት። ከጎኗ ያለው ልጅ ውሃ ያልጠጣ ተክል እንደሚደርቅ አሳይቶ 18 አገኘ። እኔ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ ይገባት ነበር እላለሁ፤ እናንተስ ብዬ ዘጋሁት።

ምላሽ 1፦ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰላምታቸው ብቻ ሦስት መስመር ይፈጃል። ደገፉኝና ነገሩን ከቃሉ ጀመሩት። መላምት መላ ከመምታት የመጣ ስለሆነ ተማሪ ገምቶ መተው ይመስለዋል፤ ትንበያን ደግሞ የሚያውቀው ከዜና በኋላ ከሚቀርበው የአየር ጠባይ ነው። ሲያርሙ የኖሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ተክል ብርሃን ይፈልጋል ተብሎ ይጻፋል፣ ከታች ትንበያ በሚለው ቦታ ያው ዐረፍተ ነገር ይገለበጣል። እሳቸው ከሆነ እና መሆን አለበት የሚሉትን ቃላት በቀይ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፉ ነበር። በሁለቱ መካከል ዓይን የሚያየው ወይም እጅ የሚለካው ነገር ያላስገባ ተማሪ ነጥብ አያገኝም።

ምላሽ 2፦ ለልጅቷ ማበረታቻና የአበባ ምስል።

ምላሽ 3፦ ዳኛውን የሚደግፍ ሰው መጣ። ራሱም በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ውድድር የዳኘ ነው፣ ትሕትናም አልጎደለውም። ሳይንስ እውነት መፈለጊያ ከሆነ ስህተት ይዞ የመጣና እውነት ይዞ የመጣ እኩል ሊሆኑ አይችሉም ባይ ነው። ቀድማ ብታነብ ኖሮ አብሲት የበሰለ ስታርች መሆኑን፣ ስታርቹም ሊጡን አወፍሮ የእርሾውን አረፋ እንደሚይዝ ትደርስበት ነበር፤ እናቷን ከምትሰማ አለ። ክሩን ያሞቀችው ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት።

ምላሽ 4፦ ከአትላንታ የምትጽፍ እህት እናትን መስማት ከመቼ ወዲህ ነውር እንደሆነ ጠየቀች። መላምት ከእናትም ይምጣ ከሕልም፣ የሚፈተነው በመጣበት ሳይሆን በሚያወጣው ትንበያ ነው። በሁለት መስመር ከእኔ መነሻ ጽሑፍ የተሻለ አስቀመጠችው።

ምላሽ 5፦ የሥነ ፈለክ ፍቅር ያለው ወጣት ክሩን ወደ ሰማይ ወሰደው። ዩራነስ ከተሰላለት መንገድ እየወጣ ሲያስቸግር ፈረንሳዊው ኡርባን ለቬርዬ ያልታየ ፕላኔት እየሳበው ነው የሚል መላምት ያዘ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ወሬ ነበር። እሱ ግን የት ቦታ መፈለግ እንዳለበት አስልቶ ለበርሊን መመልከቻ ጣቢያ ጻፈ። ደብዳቤው በደረሰበት ሌሊት፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846፣ ዮሐን ጋለ ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ ባልሞላ ርቀት ላይ ኔፕቲዩንን አገኘ። ያው ሰው በ1859 የሜርኩሪንም መንገድ መዛነፍ በዚያው ዘዴ ሊፈታ ሞከረ፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆነ ሌላ ፕላኔት መኖር አለበት አለ፣ ቩልካን የሚል ስምም ወጣለት። ለአሠርት ዓመታት ተፈለገ፣ የለም። በ1915 አንስታይን ምንም ፕላኔት ሳይጨምር በስበት ንድፈ ሐሳቡ ብቻ በ100 ዓመት 43 ሴኮንድ ቅስት (ከዲግሪ በጣም ያነሰ የማዕዘን መለኪያ) የምትሆነውን ትርፍ መዛነፍ አወጣት። ወጣቱ የጠየቀው፣ በምላሽ 3 ሕግ ለቬርዬ ስንት ከ20 ያገኛል የሚል ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዘዴ፤ አንዱ ተሳካ፣ አንዱ ወደቀ።

ምላሽ 6፦ እንግሊዛዊው ጆን አዳምስም ስሌቱን ሠርቶ እንደነበር መረሳት የለበትም የሚል እርማት። በዚያ ላይ፣ ጋለ ብቻውን አልነበረም፤ የሰማዩን አዲስ ካርታ እናውጣና እናመሳክር ያለው ተማሪው ዳሬስት ነው። እርማቱ ትክክል ነው። ጽሑፉ ግን እንደ ክፍል አለቃ ነበር።

ከምላሽ 7 እስከ 10፦ ከርዕስ ወጣን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ዴንቨር ያለች እህት አሜሪካ ከገባች ጀምሮ እንጀራዋ አይን አላወጣ ብሎ መቸገሯን አወራች፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው ብላ ደምድማለች። የዲሲው ሰውዬ ደግሞ ውሃው ነው፣ ክሎሪኑ እርሾውን ይገድለዋል አለ። ሦስተኛው የድሬዳዋ ልጅ ነኝ ብሎ ገባና ሁለቱንም ቤታቸው ሳሉ ፈተናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዴንቨር 1,600 አካባቢ፣ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። ዝቅ ማለት እንጀራ የሚያበላሽ ከሆነ የድሬዳዋ እንጀራ ከዴንቨሩ የባሰ መሆን አለበት፤ የእናቱን እንጀራ የቀመሰ ግን ይህን አይልም። ክሎሪኑን ለመፈተን ደግሞ አንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ይበቃል፤ ግማሹን ሊጥ በቧንቧ፣ ግማሹን በጠርሙሱ ማቡካት። የዴንቨሯ እህት እሞክራለሁ ብላ ሄደች። እስካሁን አልተመለሰችም፤ ካነበብሽ እየጠበቅንሽ ነው።

ምላሽ 11፦ በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ይህን ነው። ጸሐፊው የጤና መኮንን ነው፣ ሩቅ ምሳሌ ለምን ፍለጋ እንሄዳለን ብሎ እንዶድን አነሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ በዝቶ ይታያል። ይህን ያየ ሌላም ሰው ይኖር ይሆናል፤ አጣቢዎቹ ራሳቸው ያዩት ነገር ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። ገዳዩ እንዶዱ ከሆነ፣ በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ በዕቃ ተደርጎ የእንዶድ አረፋ ቢጨመርበት መሞት አለበት። ተደረገ፣ ሞተ። ባይሞት ኖሮ ነገሩ እዚያው ወንዝ ዳር ያልቅ ነበር።

የጤና መኮንኑ በዚህ አላበቃም። የቢልሃርዚያ ትል ቀንድ አውጣው ውስጥ ሳያልፍ ወደ ሰው አይገባም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መላምት ሁለተኛ፣ የበለጠ ደፋር ትንበያ ይወለዳል፦ ወንዙ በእንዶድ ቢታከም ሕመሙ ሰው ላይ መቀነስ አለበት። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ተሞከረ። በጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 63 የነበረው ወደ 33 ወረደ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7።

ምላሽ 12፦ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው ወይስ በእኛ? ሰውየው የጠየቀው ይህን ብቻ ነው፤ ልክ ነበር፣ ዝም ብሎ 1964 ሲባል አብዮቱ ዋዜማ የሚመስለው አለ። በፈረንጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ምላሽ 13፦ ስታትስቲክስ እንዳጠናች የምትናገር ሴት በቀዝቃዛ ውሃ ረጨችን። በፊትና በኋላ ማወዳደር ብቻውን አይበቃም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቧንቧ ሊገባ፣ ሐኪም ሊጨመር፣ ዝናብ ሊለዋወጥ ይችላል። መቀነሱ እንዶዱ መሆኑን የሚለየው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ጥያቄው በትሕትና የተጻፈ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ግን በአገር ልጅ ሥራ ላይ እንደተነሳች አድርገው ወሰዱት። አልነበረም። ሳይንስ መምህር ሆኜ እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ባገኝ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ምላሽ 14፦ የጤና መኮንኑ ተመልሶ መጣና ያልጠበቅኩትን መልስ ሰጠ። ሕፃናቱን ለይታችሁ ተመልከቱ አለ። ትሉ ሰው ደም ውስጥ ዓመታት ይኖራል፤ ወንዙ ዛሬ ቢጸዳ አዋቂው ድሮ የያዘውን ተሸክሞ ይቆያል። እንዶዱ የሚያደርገው አዲስ መያዝን ማቆም ብቻ ከሆነ፣ ቅነሳው ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ወንዙ ከታከመ ወዲህ በተወለዱት ላይ ነው። መድኃኒት በመስፋፋቱ ቢሆን ግን አዋቂውም እኩል መውረድ ነበረበት። ቁጥሩ የመጀመሪያውን ይመስላል። ሴትየዋ ጥሩ ነው፣ ግን አሁንም ያልታከመ ወንዝ ያለው ጎረቤት ከተማ ብታወዳድሩልኝ እመርጣለሁ ብላ ተወችው። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 15፦ እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። አንድ ሰው እንዶድ ከቀንድ አውጣ አልፎ የማያድነው ሕመም እንደሌለ፣ አያቱ በሱ ስንቱን እንዳዳኑ ዘረዘረ። ያልዳነ ሰው ካለ ወይ በአግባቡ አልወሰደም፣ ወይ ሳያምን ነው የወሰደው።

ምላሽ 16፦ ፋርማሲስት ነኝ ያለች ሴት አልማረችውም። በመጀመሪያ እንዶድ መርዝ ነው፣ ማንም ይህን ክር አንብቦ እንዳይጠጣ አለች። ለዚህ ማሳሰቢያ አመሰግናታለሁ፣ እኔም እደግመዋለሁ። ቀጥላ፣ ቢድን በእንዶዱ፣ ባይድን በበሽተኛው የሚባል ነገር እንዴት ሊሸነፍ እንደሚችል ሰውየው እንዲነግራት ጠየቀች። የማይሸነፍ ነገር ያሸነፈ እንዳይመስለውም ጨመረችበት።

ምላሽ 17 የለም። አወያዩ አጥፍቶታል፤ አንብቤው ነበር፣ ማጥፋቱ ደግ አደረገ።

ምላሽ 18፦ ለእኔ የተላከ ነው። ፈረንጅ ካልመረመረው የማታምኑ መምህራን አገር አጠፋችሁ ይላል ባጭሩ። አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው የመረመሩት የትኛው ፈረንጅ እንደሆኑ ጠይቄ መልስ ልጽፍ ነበር፣ ሰርዤ ተኛሁ።

ምላሽ 19፦ ያበረደልን አንድ ዲያቆን ነው። ትንበያና ትንቢት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፣ ነቢይም ከዚያው ነው ብሎ ጀመረ። እኔ ስብከት ሊሆን ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ኦሪት ዘዳግም 18 ላይ ቁጥር 22ን አስታወሰን። ነቢዩ የተናገረው ካልተፈጸመ ቃሉ ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ሰውን አትፍራው። ለትንቢት እንኳ መሸነፊያ ከተደረገለት ለመላምት ቢደረግለት ምን ያስቆጣል አለ። ምላሽ 15 የጻፈው ሰው ይህን ወደደው፤ ምን እንደተረዳ እንጃ።

ምላሽ 20፦ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። ትንበያ በወደቀ ቁጥር መላምት አይጣልም ይላል። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌዬቭ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ላይ ክፍት ቦታ ትቶ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር ጥግግቱ ወደ 6 እንደሚጠጋ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። በ1875 ጋሊየም ሲገኝ የመጀመሪያው ልኬት 4.7 ወጣ። ሜንዴሌዬቭ ናሙናው ንጹሕ አይደለም፣ እንደገና ለኩት አለ። ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ።

ምላሽ 21፦ የምላሽ 3 ጸሐፊ ይህን ጠብቆ ኖሯል፣ ከች አለ። እንዲህ ከሆነ ማንም የወደቀበት ሰው ልኬቱ ተበላሽቶ ነው ማለት ይችላል፤ ታዲያ እንዶዱ ያላዳነው ሰው አላመነም ከሚለው በምን ይለያል? ጥሩ ምት ነበረች። ግማሽ ቀን መልስ አልተገኘላትም።

ምላሽ 22፦ የአትላንታዋ እህት ናት፣ እንደ ልማዷ በአጭሩ። ሰበቡ ራሱ ይፈተናል ወይ ብሎ ማየት ነው። ናሙናው ቆሻሻ ነው ያለ ሰው ሲጣራ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ተናግሯል፤ ወደዚያ ባይሄድ ይዋረድ ነበር። አላመነም ያለ ሰው ግን ምንም አልተናገረም።

ምላሽ 23፦ ስለ ጤፍ ዋጋ። አልፈዋለሁ፤ ሆድ ያስብሳል።

ምላሽ 24፦ እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ በዚህ መድረክ ላይ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው። ሁሉንም አንብበው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ለብ ያለ ውሃ የገባበት ሊጥ አልቀጠነም ወይ? አርባ ዓመት ጋግሬያለሁ፣ የቀጠነ ሊጥ ቢሞቀውም ባይሞቀውም አይን አያወጣም። አብሲት ውሃውን ይዞት ነው የሚገባው፤ ልጅቷ ግን ውሃውን ባዶውን ነው የጨመረችው።

ደነገጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህች ልጅ ስከራከር፣ የአራተኛው ሳህን ሊጥ መቅጠኑን አላሰብኩትም። ያ እንጀራ ድፍን የሆነው ሙቀት ስለማይሠራ ላይሆን ይችላል፤ ስለቀጠነ ሊሆን ይችላል። ዳኛውም አላሰበውም፣ እሱስ ስምንት ሲሰጣት ደብተሩን አልገለጠም። መላምቷን የሚጥለው ማስረጃ የቀዘቀዘው አብሲት ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን አንድ እግር ነው።

ምላሽ 25 የእኔ ነው፤ እትዬን አመስግኜ ስህተቴን ጻፍኩ። ምላሽ 26 የምላሽ 3 ጸሐፊ ነው። ስምንት ነጥብ ብዙም እንዳልበዛ አሁን ተረዳሁ ይላል፤ ቀልድ ይሁን ምር አልለየሁትም።

በማግስቱ ልጅቷን በእረፍት ሰዓት አገኘኋትና የእትዬን ጥያቄ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች፣ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ አምስተኛና ስድስተኛ ሳህን ሣለች። አምስተኛው ምንም ውሃ አይጨመርበትም፤ ሳህኑ ሙቅ ውሃ በያዘ ድስት ላይ ተቀምጦ ሊጡ ሳይቀጥን ይሞቃል። ስድስተኛው ደግሞ የራሷ ሐሳብ ነው። ጉዳዩ የበሰለው ስታርች ከሆነ የጤፍ መሆኑ ግድ አይደለም፤ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ አጥሚት ቀዝቅዞ ቢጣልበትም አይን ማውጣት አለበት።

ሊጡ ትናንት ተቦክቷል፣ የሚጋገረው ሐሙስ ነው። አምስተኛው ድፍን፣ ስድስተኛው አይናማ ይሆናል ብላ ጽፋ ቀን አኑራበታለች። እኔ በስድስተኛው አልተስማማሁም፣ በቆሎው ሊጡን ያደቀዋል ባይ ነኝ። የእኔንም ከገጹ ጀርባ ጽፌ ፈረምኩበት።